ጉዛራ መናፈሻ ከመሆኑ በፊት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ በጉዛራ ሥር አልፏል። ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። መንገደኛው አዲስ ዘመንን አልፎ፣ «የእግዜር ጣት» የሚባለውን ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ እንፍራንዝ ሲደርስ ኮረብታው አናት ላይ ያለውን ግንብ አይቶ «ያ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ጎኑ የተቀመጠው ሰው «እኔ እንጃ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት ነው መሰለኝ» ይለዋል። ጨዋታው ሳያልቅ ማክሰኚት ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ጎንደር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ክርክር ነው። በ2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ጎንደር ስንሄድ እንፍራንዝ ላይ ወርደን ኮረብታውን ወጣነው። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከላይ ሆኖ ሲመለከቱት የጣና ሐይቅ በሩቁ ተዘርግቶ ይታያል፤ ነፋሱም ነፍስ ያድሳል። ከመካከላችን አንዱ ግንቡ ጥግ ተቀምጦ «ይሄ ቦታ እኮ መናፈሻ ቢሆን! ካፌ፣ ሎጅ፣ ንጣፍ ድንጋይ፣ መብራት ቢገባለት ማን ያልፈው ነበር?» አለ። ገሚሶቹ «እውነትህን ነው» አሉት፣ ገሚሶቻችን ደግሞ ተቃወምነው። ክርክሩ ሳይቋጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋና ወረድን። እኔ ከተቃወሙት ወገን ነበርኩ። ለምን እንደተቃወምኩ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ለማያውቁት ያህል ጉዛራ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። አብዛኛው የታሪክ መጽሐፍ ጉዛራን ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይላል። ሠርፀ ድንግል የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ደግሞ በ1636 ነው። ስለዚህ የመጻሕፍቱ ቃል ትክክል ከሆነ ጉዛራ የጎንደርን ግንቦች ቢያንስ በአንድ ትውልድ ይቀድማል ማለት ነው። ፋሲል ግቢን ያየ ሰው ጉዛራ ሲደርስ ዝምድናውን ለመለየት አይቸገርም። ፎቁ፣ በማዕዘኑ ላይ የቆሙት ክብ ማማዎች፣ በማማዎቹ ላይ እንደ እንቁላል የተደፋው ጉልላት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ መልክ አላቸው። በዙሪያው ደግሞ የአጥር ግንብ ፍርስራሽ ይታያል።

እንፍራንዝም ቢሆን ድሮ የመንገድ ዳር ሰፈር ብቻ አልነበረችም። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ከመርጋታቸው በፊት በጣና ዙሪያ ከሚሰፍሩባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ጎንደር ከተቆረቆረች በኋላም ቢሆን አልጠፋችም። በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. 1700 ገደማ ወደ አገራችን የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እንፍራንዝን አይቶ በስፋት ከጎንደር ብታንስም አቀማመጧና ቤቶቿ ያማሩ መሆናቸውን ጽፏል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራንም አብሮ አስገብቶታል። ይህን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። የዓለም ቅርስ ሲባል የሚታወሰን ከተማው መሀል ያለው ግቢ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ኮረብታም አለበት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከላይ «አብዛኛው የታሪክ መጽሐፍ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ምክንያቱም የጉዛራ ዕድሜ ገና ያልተዘጋ ክርክር ነው። የክርክሩም መነሻ ንጉሥ ወይም ጦርነት አይደለም፤ ኖራ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ነጩ ኖራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን የነበሩት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በጽሑፎቻቸው፣ ለግንባታ የሚሆን ኖራ በኢትዮጵያ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ማለትም በ1620ዎቹ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ ከዚያ አርባና ሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩት ሠርፀ ድንግል ግንባቸውን በኖራ እንዴት ሊሠሩ ቻሉ? በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች ጉዛራ አሁን የምናየውን መልክ የያዘው በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን መሆን አለበት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ የሚሲዮናውያኑ ቃል እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፣ እጃቸው ያለበትን ነገር ሁሉ እነሱ እንደጀመሩት አድርገው ጽፈዋል ይላሉ።

ይህ ክርክር የምሁራን የሻይ ሰዓት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የጎንደር ግንብ ጥበብ ከየት መጣ የሚለው የቆየ ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ከፖርቱጋል ነው? ከሕንድ ነው? ከቱርክ ነው? ወይስ እዚሁ አገር ያሉ ግንበኞች ከልዩ ልዩ ቦታ ያዩትን አዋሕደው የፈጠሩት ነው? ጉዛራ በእርግጥ የሠርፀ ድንግል ከሆነ፣ ኢየሱሳውያኑ በሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከመግነናቸው በፊት አገሩ ላይ እንዲህ ያለ ግንብ የሚገነባ ሰው ነበረ ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ታሪኩን በሌላ መልኩ መጻፍ አለብን። መልሱ ያለው ድንጋዩ መሀል በገባው ኖራ ውስጥ ነው። ኖራ ሲቃጠል የከሰል ፍርፋሪ አብሮት ይቀራል፤ ያ ፍርፋሪ ላቦራቶሪ ቢገባ በካርቦን ዘዴ ዕድሜው ሊገመት ይችላል። በሌላ አነጋገር ግንቡ ራሱ ምስክር ነው፤ ምስክሩም ገና በሕይወት አለ።

ታዲያ መናፈሻ ቢሆን ምን ይጎዳል? ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምፈራው መናፈሻ የሚለውን ቃል አይደለም። የምፈራው ሲሚንቶውን ነው። አገራችን ውስጥ አንድ ቦታ «ይልማ» ሲባል መጀመሪያ የሚደርሰው የሲሚንቶ መኪና እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደረጃው ይለሰናል፣ አጥሩ ይለሰናል፣ ስንጥቁም እንዲያምር ተብሎ በሲሚንቶ ይደፈናል። ለአዲስ ቤት ይህ ችግር የለውም። ለአሮጌ የኖራ ግንብ ግን መርዝ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃ ሲደፋበት እየፈላ ይፈርሳል፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ለግንብ ይውላል። በክረምት ግንቡ ውስጥ የገባው ውሃ በበጋ በኖራው በኩል እየተነነ ይወጣል። ግንቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ኖራው አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ዝግ ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩ ውስጥ ይቆያል፤ በውስጡ ያለው ጨው ፊቱን እየገፋ ያረግፈዋል። እንግዲህ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሚንቶው ደህና ሆኖ ድንጋዩ ፈርሶ ታገኙታላችሁ። ሽማግሌን ለማሞቅ ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ ማፈን ማለት ይህ ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ጎንደር ራሷ ያየችው ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎንደር ግንቦች ሲታደሱ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን የተቻላቸውን ያህል እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ወጪ፣ ሁለት ጊዜ ድካም። አሁን ጉዛራ ላይ ያንኑ ብንደግመው ደግሞ የሚጎዳው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከላይ ያነሳሁት ምስክርም አፉ ይዘጋል። የመጀመሪያው ኖራ የቱ እንደሆነ፣ የኋላው ጥገና የቱ እንደሆነ ሳይለይ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ የነገው ተመራማሪ ምን ይዞ ይጠይቃል? ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ሕጉን በክፍል ውስጥ ለፈተና ብለን ከመሸምደድ አልፈን ኮረብታው ላይ ልናስታውሰው ይገባል።

በክርክሩ ላይ ጓደኛዬ የጠቀሰው የእንጦጦን ፓርክ ነበር። እውነት ነው፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ብዙ ሰው ወደ ተራራው አውጥቷል። የአዲስ አበባ ወጣት ብስክሌት እየነዳ፣ ፈረስ እየጋለበ የሚዝናናበት ቦታ አግኝቷል፤ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን ሁለቱ ቦታዎች አይመሳሰሉም። እንጦጦ ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን የደን ተራራ ነው። ሬስቶራንቱን እዚህ ብትተክለው የዐፄ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥትና ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ወዲያ ማዶ ናቸው። ጉዛራ ግን ኮረብታው ሁሉ ቅርስ ነው። የአጥሩ ፍርስራሽ በቆመበት፣ ከመሬት በታች ምን እንዳለ በወጉ ተቆፍሮ ባልተጠናበት አናት ላይ የሎጅ መሠረት መጣል ያላነበብነውን መጽሐፍ ገጽ እየቀደዱ እሳት መጫር ነው። ካፌና ማረፊያ ካስፈለገ ከታች እንፍራንዝ ከተማዋ ውስጥ ይሠራ። ገንዘቡም ለከተማዋ ሰው ይገባል፤ ጎብኚውም በእግሩ ወጥቶ ይወርዳል። ደግሞስ ያቺ አቀበት ማንን ገደለች?

አንዳንዱ ሰው «ጉዛራ የተረሳው መናፈሻ ስላልሆነ ነው» ይላል። በእኔ እይታ ግን የተረሳበት ምክንያት ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎብኚ ለማምጣት ሲነሱ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ያስተሳሰረ «ታሪካዊ መስመር» ዘረጉ። መስመሩ በዋናነት የአውሮፕላን ነበር። ለጊዜው ትልቅ ሥራ ነው፤ መንገዱ በማይመችበት ዘመን ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ነገር ግን በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው መሀል ላይ ያለውን አያይም። ያ ልማድ መንገዱ አስፋልት ከሆነ በኋላም አልለቀቀንም። ዛሬም ከባሕር ዳር ተነስተን ጎንደር «እንወርዳለን» እንጂ በመሀል ያለውን አንቆጥረውም። ጉዛራ የጎደለው ካፌ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ቆሞ የሚያየው መንገደኛና ያንን መንገደኛ ተቀብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ስለ ሰው ካነሳሁ ዘንድ የራሳችንን የምሥራቅ ጎጃምን ምሳሌ ላንሳ። እነብሴ ሳር ምድር የሚገኘውን የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እቴጌ እሌኒ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ነው፤ በኋላም ኢየሱሳውያኑ እጃቸውን አስገብተውበታል። በድንጋይ ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ ዛሬም ይታያል። ያ ግንብ ጦርነትም ዝናብም አልፎበታል። ግን በአጠገቡ ቅዳሴ አልተቋረጠም፣ ካህናት ይኖራሉ፣ የቆሎ ተማሪ ያድራል። ድንጋይ ሲወድቅ የሚያይ ዓይን አለ፤ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ለሚጠይቅ «እቴጌ እሌኒ ናት» የሚል አፍ አለ። ቤተ መንግሥት ግን ንጉሡ ሲሄድ ባለቤት አልባ ይሆናል። ጉዛራ ቅዳሴ የለውም፣ ገዳም የለውም። ያለው የአካባቢው ገበሬ ነው። እሱ ደግሞ ከግንቡ የሚያገኘው ነገር ከሌለ እስከ መቼ እንዲጠብቀው እንጠብቃለን?

እኛ በወጣንበት ቀን ያገኘናቸው አንድ አባት ይህን ባጭሩ ነገሩን። አንዷ ጓደኛችን «አባቴ፣ ሰው ይመጣል እዚህ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ይመጣል እንጂ ልጄ» አሏት። «መጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። የሚጠይቀኝ የለም፤ ብጠየቅ ከአባቴ የሰማሁትን እነግር ነበር።» ይህን አባባል አልረሳውም። ከአባታቸው የሰሙት ነገር ተጽፏል? ማን ጻፈው? እኛ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንማራለን።

እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ደጀን ላይ ነገሩ በተገላቢጦሽ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሲወጣ ደጀን ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ገደሉን ቁልቁል አይቶ «ወይ ጉድ!» ይላል፣ ይሄዳል። መቆም አለ፣ የሚያስረዳ ግን የለም። ያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው ገደል የድንጋይ መጽሐፍ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ያ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተነጠፈ ነው። ከዚያም ወደ ወንዙ ሲቃረብ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ለጉዛራ ጥገና የሚያስፈልገው ኖራ የሚገኘው እንዲህ ካለው ነጭ ድንጋይ ነው። እኛ ግን የኖራ ድንጋይ ሲባል የሚታየን የሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻ ሆኗል። ኖራ አቃጥሎ፣ አቡክቶ አሮጌ ግንብ የሚጠግን ወጣት ማሠልጠን እኮ ሥራ መፍጠር ነው። በጎንደር፣ በጎርጎራ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በየአድባራቱ ስንት የኖራ ግንብ አለ!

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። እኔ ያልኩት ግን ከመናፈሻው በጣም የሚረክስ ነው። ሎጅ ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ጠባቂ፣ ስንት አስጎብኚ፣ ስንት ኖራ ግንበኛ እንደሚያሠለጥን አስቡት። ሁለተኛው «አሁን ማን ይጓዛል?» የሚል ነው። ይህኛው ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ተማሪ ለጥምቀት ተሰብስቦ ጎንደር የሚሄድበት ጊዜ ናፍቆናል። ነገር ግን ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ቅርስ ይበልጥ ዓይን ይፈልጋል። ዝናቡ ግጭት አለ ብሎ አይቀርም። በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ የዛፍ ዘር ሰላም እስኪሆን ድረስ ሳይበቅል አይጠብቅም። ሥሩ ዛሬ እንደ ክር ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግንቡን ፈንቅሎ ይጥለዋል። ዛሬ በእጅ የሚነቀለው ያኔ በመሣሪያም አይነቀል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ሦስቱም በእጃችን ያሉ ናቸው።

አንደኛ፣ መንገዱ ሲከፈት የምናደርገው የጎንደር ጉዞ ሁሉ ጉዛራ ላይ አንድ ሰዓት ይኑረው፤ «ከተመቸን» ተብሎ ሳይሆን በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ። ሌሎች ትምህርት ክፍሎችም ይከተሉናል። አሥር አውቶቡስ መቆም ከጀመረ እንፍራንዝ ላይ ሻይ የሚያፈላ፣ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚያስረዳ ሰው ይኖራል። ያ ሰው የግንቡ ጠባቂ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በየጉዞው ግንቡ ከተመሳሳይ ቦታ፣ ከተመሳሳይ ማዕዘን ፎቶ ይነሳ፤ ስንጥቁ በሜትር ይለካ፤ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። የአንድ ዓመት ፎቶ ማስታወሻ ነው፣ የአሥር ዓመት ፎቶ ግን ማስረጃ ነው። ሲሚንቶ የያዘ መኪና ኮረብታው ሥር ቢታይ መዝገብ ያለው ሰው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ ስለ ፋሲል ግቢ የተጻፈውን ሃምሳኛ ጊዜ ከመድገም የጉዛራን ኖራ፣ የእንፍራንዝን አዛውንቶች ቃል፣ የመርጡለ ማርያምን ግንበኞች ጥበብ ያዙ። መምህሮቻችንም እንዲህ ያለውን ርዕስ «ማስረጃ ያንሰዋል» ብላችሁ አትመልሱብን። ማስረጃው ያነሰው የሄደ ሰው ስላነሰ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ ግንቡ ከተጠናና ከተጠበቀ በኋላ፣ ከኮረብታው ሥር ዛፍ ይተከል፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ፣ መናፈሻም ይባል፤ የመጀመሪያውን ሻይ እኔ እጋብዛለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ ምስክሩ ይናገር፣ ሻዩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን።